የሀብቱ ጉንዳንና የሙዳሲር መሸኛ

ሀብቱ ልብስ ሰፊ ነው፤ ግን የጥፍር ቀለም ይገዛል፣ ኩቴክስ የሚሉትን፣ ጥቁሩን ብቻ። ከዚህ የጀመርኩት ሰው ሁሉ ስለ እሱ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንን ስለሆነ ነው። መልሱ ትንሽ ረዘም ይላል።

እኔ ጌትነት ነኝ፤ ሀብቱ የሰፋውን የምተኩስ። አሶሳ ገበያ ዳር አንድ በረንዳ ላይ፣ እሱ በስፌት መኪናው እኔ በከሰል ካውያዬ፣ ጎን ለጎን አሥራ አራት ዓመት ተቀምጠናል። ፊደል የለየሁት ካደግሁ በኋላ ስለሆነ ስጽፍ እዘገያለሁ። "ስለ አንተ ልጽፍ ነው" ስለው ሀብቱ ከመኪናው ቀና ሳይል "ከጻፍክ ቁመቴን እንዳታሳጥረው" አለኝ። ስለዚህ ልጻፈው፣ ሀብቱ ረጅም ሰው ነው። ሲሰፋ ጉልበቱ ከመኪናው ጠረጴዛ በላይ ይወጣል።

የወሎ ልጅ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ በሰፈራ ከቤተሰቡ ጋር ወደዚህ ሲመጣ አሥር ዓመቱ ነበር። አባቱ መሬት ተሰጥቷቸው በቆሎና ማሽላ ያርሱ ነበር። እሱ ግን ከበሬ ጋር አልተስማማሁም ይላል። "በሬውን ና ስለው ይሄዳል፣ ሂድ ስለው ይቆማል። መርፌ ግን የነገርካትን ትሰማለች።" ስፌቱን እዚያው ሰፈራው ውስጥ ከነበሩ አንድ ሽማግሌ ተማረ። ዓሣውን ግን ያስተማረው ሰው የለም።

ከሰፈራው ወረድ ብሎ ቀርከሃ መሀል የምታልፍ ወንዝ አለች። እኛ ቀርከሃ ወንዝ እንላታለን። ትልቅ አይደለችም፣ በበጋ በድንጋይ ላይ እየዘለሉ ይሻገሯታል። ሀብቱ ልጅ ሆኖ በትል ያጠምድባት ነበር። በትል የሚመጣው ደግሞ አምባዛ ነው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ እነሱ ቤት ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበላም። እናቱ ሁለት ጊዜ አስጥለውታል፣ በሦስተኛው ዓሣውንም እሱንም ከደጅ አቆሟቸው። ቅርፊት ያለው ነጭ ዓሣ ወንዟ ውስጥ ሞልቷል፣ በዓይን ይታያል፣ ትሉን ግን ዞር ብሎም አያየው።

አንድ የግንቦት ቀን ዝናብ ሲያባራ አሸን ፈላ። ከአሸኑ ጋር ክንፍ ያወጣ ጥቁር ጉንዳንም ከመሬት እየወጣ ወንዟ ላይ ይረግፍ ጀመር። ሀብቱ ድንጋይ ላይ በደረቱ ተኝቶ አየ። ላይ ላዩን የሚንሳፈፈውን ጉንዳን ነጭ ዓሣ አይነካውም። ውሃው ከድንጋይ ላይ ሲወርድ ደፍቆት ወደ ታች የሰጠመውን ግን፣ ገና ታች ሳይደርስ፣ ከጎን መጥቶ ዋጥ ያደርገዋል። እውነተኛውን ጉንዳን መንጠቆ ላይ ሊሰካ ሞከረ፤ ለስላሳ ስለሆነ ይቆረጣል። ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ልብስ ሰፊ ከሆነ በኋላ፣ "በክር ብሠራውስ?" አለ።

አሠራሩን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ትንሿን መንጠቆ ጨርቅ የሚጫነው የመኪናው ብረት ስር ያስገባና ብረቱን ይለቅባታል፤ ብረቱ ጥርቅም አድርጎ ይይዛታል። ከዚያ ጥቁር የስፌት ክር ይጠመጥማል። በኋላ በኩል ወፈር ያለች ድብልብል፣ እሷ ቂጧ ናት። ትንሽ ክፍት ይተዋል፣ ያ ወገቧ ነው። ከፊት ደግሞ ትንሽ ድብልብል፣ ራሷ። ወገቧ ላይ ከአውራ ዶሮ አንገት የተነቀለ ላባ ሁለት ዙር ያዞራል፣ እግር ይሆናል። "ሰነፍ ሰው ወገቧን ይሞላባታል" ይላል። "ወገብ የሌላት ጉንዳን ባቄላ ናት። ዓሣ ባቄላ አይበላም።" መጨረሻ ላይ ነው ኩቴክሱ የሚመጣው። ሁለቱን ድብልብል ይቀባቸውና ሲደርቁ እንደ እውነተኛ ጉንዳን ያብለጨልጫሉ፣ ይጠነክራሉ፣ ክብደትም ያገኛሉ። ውሃ ላይ ሲጥላት ትሰጥማለች። ቁም ነገሩ እዚያ ላይ ነው፣ መስጠሟ ላይ።

በረንዳው ላይ ሦስተኛ ሰው ነበረን፣ ሙዳሲር። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፣ ሽቶና ለሻይ የሚፈላውን ቀይ አበባ፣ ከርከዴን፣ ይሸጣል። አሥራ አንድ ዓመት ከእኛ ጋር ተቀምጧል። የእሱ ሥራ ከርከዴ መሸጥ ብቻ ሳይሆን በሀብቱ ጉንዳን መሳቅም ነበር።

"ያ ሀብቱ" ይለዋል በዓረብኛ ጥሪ፣ "አሶሳ ሰው ሁሉ አለበስክ፣ አሁን ጉንዳን ልብስ ትሰፋለህ?"

"ጉንዳን ቢያንስ ሱሪው ጠበበኝ ብሎ አይመለስም።"

"ስድስት እግር ያለው ሱሪ፣ ወላሂ፣ እንዴት ትለካለህ?"

"አንተ ቁም ብለህ ያዝልኝ፣ እለካለሁ።"

እንዲህ ነው የሚውሉት። እኔ ብዙ አልናገርም፣ ካውያዬን እየነፋሁ እስቃለሁ።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ሙዳሲር ሊሄድብን ሆነ። ባለቤቱ ኦብሴ የባምባሲ ሰው ናት፤ ልጃቸው እዚያ ሱቅ ከፍቶ ኑ አላቸው። ባምባሲ ሩቅ አይደለም፣ መኪና በየሰዓቱ አለ። ግን በረንዳ በረንዳ ነው፣ ማለቴ፣ አጠገብህ የማይቀመጥ ሰው ቅርብም ቢሆን ራቀ። የሚሄዱት ቅዳሜ ከሰዓት ነው ተባለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ከሙዳሲር ጋር ሽሮ አብረን በልተናል፣ ምስር በልተናል፣ ኦብሴ የምትልከውን ገንፎ ከአንድ ሳህን በልተናል። ሥጋ ግን አንድም ቀን አብረን በልተን አናውቅም። እሱ የእስላም ሥጋ ነው የሚበላው፣ እኛ የክርስቲያን። በፋሲካ እንኳን አደረሳችሁ ብሎ ለስላሳ ጠጥቶ ይሄዳል፣ በአረፋ እኛም እንደዚያው። በዚህ የተቀየመ የለም። ሰርግም ሆነ ለቅሶ፣ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ሁለት ትሪ ይቀርባል፣ ሰው ወደየትሪው ይሄዳል።

ሰኞ ዕለት ሀብቱ የአንድ ደንበኛ ኮሌታ እየገለበጠ ሙዳሲርን "ቅዳሜ ምሳ እኔ ቤት ናችሁ፣ አንተም ኦብሴም" አለው።

"ምን ልታበላኝ ነው? ሽሮ?"

"ዓሣ።"

"ዓሣ ጥሩ ነው፣ ሐላል ነው፣ የማረጃ ቢላ አይጠይቅም። ከየት ነው ዓሣው?"

"ከጉንዳኔ ነዋ።"

ሙዳሲር ሳቀ፣ የከርከዴ መስፈሪያው ከእጁ ወደቀ። "አሥራ አንድ ዓመት ጉንዳን አየሁ፣ ዓሣ አላየሁም" አለ። እውነቱን ነው፤ ሀብቱ የያዘውን ከወንዝ ቀጥታ ወደ ቤቱ ነው የሚወስደው፣ ገበያ ይዞ አይመጣም። ከዚያ ሙዳሲር ደግ ሰው ስለሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ከገበያ ብትገዛም እበላለሁ፣ ሀብቱ። ምንም አልልም" አለው።

ይቺ "ምንም አልልም" ሀብቱን አንጀቱ ድረስ ገባችው። ሙዳሲር ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ መኪናውን መርገጥ ተወ።

"ጌትነት" አለኝ፣ "ይሄ ሰውዬ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ ሥጋ ሳይበላ ሊሄድ ነው። ሽሮ አብልቼ ብሸኘው ምን ይባላል? አሥራ አንድ ዓመት ሽሮ ናት?"

"ትይዛለህ" አልኩት።

ማክሰኞ ጉንዳኖቹን ሊሠራ ተቀመጠ። የነበሩት አሮጌዎቹ አልቀው ነበር። ሁለት ሠርቶ ኩቴክሱን ሲከፍት ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ጥቁሩ የሚገኘው ከሐኒ የውበት ሳሎን ብቻ ነው፣ ሐኒ ደግሞ ለዘመድ ሰርግ ፓዌ ሄዳ ቤቷ ተቆልፏል፤ ዓርብ ነው የምትመለሰው አሉን። ሀብቱ ብዙ አልተጨነቀም። ልብስ ሰፊ ክር ሲያስቸግረው ምን ያደርጋል? ሻማ ላይ ይስበዋል፤ ሰሙ ክሩን ለስላሳና ጠንካራ ያደርገዋል። ክሩን ሻማ ላይ እየሳበ ስድስት ጉንዳን ሠራ። እውነቱን ለመናገር ከኩቴክሶቹ ይበልጥ ያምሩ ነበር። አንዷን መዳፌ ላይ ቢያስቀምጣት እጄን አራገፍኩ፣ ትነክሰኛለች ብዬ።

ረቡዕ ዝናብ ሲያባራ አብረን ሄድን። በባጃጅ እስከ መንገዱ ጫፍ፣ ከዚያ በእግር። ወንዟ ትንሽ ደፍርሳ ነበር፣ ጉንዳኑም ከመሬት እየወጣ ነው፣ ነጭ ዓሣው ከድንጋዩ ስር ሆዱን እያበራ ይገለባበጣል። ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። ሀብቱ የቀርከሃ ዘንጉን አንስቶ ጉንዳኗን ከላይ በኩል ወረወራት። ውሃው አመጣት። ላይ ላዩን፣ ሽር ብትን እያለች፣ እንደ ሙሽራ። አንድ ዓሣ ወጥቶ አያት፣ ተመለሰ። ደግሞ ወረወረ። ደግሞ ሽር ብትን።

"ምን ሆና ነው?" አለ።

እኔም ጎንበስ ብዬ አየኋት።

ኪሱን ዳብሶ የሸሚዝ ቁልፍ አገኘ፣ እንድትከብድ ብሎ ከጉንዳኗ በላይ አሰራት። አሁን ሰጠመች፤ ቁልፉ ግን ድንጋይ ለድንጋይ እየገባ ይቀረቀራል። አንድ ጊዜ ክሩ ገተር አለና ሀብቱ "መጣ" ብሎ ዘንጉን አነሳ። ሸርጣን ነበረች። ቁልፉን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች።

"የሸሚዟ ቁልፍ ጎድሎባት ነው" አለ ሀብቱ። ሁለታችንም ሳቅን፣ ግን የእሱ ሳቅ አጭር ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባዶ እጃችንን ተመለስን።

በማግስቱ ሙዳሲር ምንም አልጠየቀም። አለመጠየቁ ይብሳል። ለሀብቱ የከርከዴ ሻይ አፈላለት፣ ስኳር ጨምሮ። ሀብቱ ሻይውን እያማሰለ ስንቅነሽን፣ ባለቤቱን ማለት ነው፣ በስልክ "ሽሮውን ለማንኛውም አዘጋጂ" ሲላት ሰማሁት።

ያን ቀን ከሰዓት የአንድ ደንበኛ ነጭ ጋቢ ልተኩስ ዘረጋሁ። ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ ሻማ የተንጠባጠበበት ነው። ከቆርቆሮዬ ውሃ ረጨሁበት። ጨርቁ ውሃውን ጠጣ፤ ሻማው ያረፈበት ቦታ ላይ ግን ውሃው እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ቆመ። ጨርቁን ዘንበል ሳደርገው ተንከባለለ። አየሁት። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ግን ያን ቀን አየሁት።

ልናገር አልኩ፣ አፌ አልከፈት አለኝ። ለሀብቱ ስለ ክር እኔ ምን ልነግረው ነው? እሱ መርፌ ከያዘ ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ እኔ የማውቀው መተኮስ ነው። ካውያዬን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ሀብቱ "ጉንፋን ያዘህ?" አለኝ። በመጨረሻ አንዷን ጉንዳን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁና ፊት ለፊቱ የውሃ ቆርቆሮዬ ውስጥ ጣልኳት። ተንሳፈፈች። በጣቴ ደፈቅኳት፣ ተመልሳ ወጣች። ሻማ ያልነካውን ጥቁር ክር ቆርጬ ከጎኗ ጣልኩ። ክሩ ቀስ ብሎ ውሃ ጠጣና ወረደ።

ሀብቱ ቆርቆሮውን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ቆርቆሮውን አየ።

"ሻማው" አለ።

"ሻማው ይመስለኛል" አልኩ።

"ሰም የነካው ልብስ ውሃ አይገባውም እያልኩ ለሰው ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ እኔ።" መኪናው ላይ ተደፍቶ ሳቀ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። "ጉንዳኗን የዝናብ ካፖርት አልብሼ ሰደድኳት።"

ሙዳሲር ከወዲያ ሆኖ "ምን ያስቃል?" ሲል፣ ሀብቱ "ቅዳሜ ይነገርሃል" አለው። ድምፁ ተመልሶለት ነበር።

"ያለ ሻማ፣ በደረቁ ክር ብትሠራስ?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ያልተቀባ ክር ሁለት ሦስት ውርወራ ነው፣ ድንጋዩ ይተረትረዋል። ኩቴክስ ያስፈልጋል።"

ዓርብ ጠዋት የሐኒ ቤት ተከፈተ። ሀብቱ ፊት ግን የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ሱሪ ሊያሳጥሩ ተሰልፈዋል፤ አንዱ በአንድ እግር ቆሞ እየተለካለት ነው። ሀብቱ መርፌ ነክሶ ወደ እኔ ዞረ። ምን ሊል እንደሆነ ገባኝ።

"እኔ?" አልኩት።

"አንተ። ጥቁር በላት። ቀዩን እንዳትሰጥህ።"

የውበት ሳሎን ውስጥ ገብቼ አላውቅም። መጋረጃውን ስገልጥ ሦስት ሴቶች ፀጉራቸውን ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፣ ሦስቱም ዞሩ። ሐኒ "ጌትነት፣ ምን እግር ጣለህ?" አለችኝ።

"ኩቴክስ... ጥቁር።"

"ለማን ነው?"

የሀብቱ ነው ማለት ነበረብኝ፤ ያንን ማለት ይቀል ነበር። እኔ ግን ደነገጥኩና "ለጉንዳን" አልኩ።

አንደኛዋ ሴትዮ "ልጅቷን ጉንዳን ነው የሚላት" አለች ለጓደኛዋ።

"ወገቧ ቀጭን ነው?" አለችኝ ጓደኛዋ።

"አዎ" አልኩ። እውነት ስለሆነ ነው።

ከዚያ በኋላ የሳቁት ሳቅ እስከ አትክልት ተራ የተሰማ ይመስለኛል። ሐኒ ጠርሙሱን ከመደርደሪያ አወረደች፣ "ደርቆ እንዳይሆን ልሞክረው፣ እጅህን አምጣ" አለችና እንቢ ሳልል አውራ ጣቴን ቀባችው። እጄን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ሀብቱ ሲያየው ምንም አላለም፣ ተመራቂዎቹ ግን አሉ።

ሀብቱ ያለ ሻማ እንደገና የሠራቸውን አምስት ጉንዳኖች ኩቴክስ ቀብተን ከካውያዬ ሙቀት አጠገብ ደርድረን አደረቅናቸው። ሀብቱ አንዷን ቆርቆሮው ውስጥ ጣላት፤ እንደ ምስማር ወረደች። ሙዳሲር ለጁምዓ ወደ መስጊድ ሲሄድ እኛ ወደ ወንዝ ሄድን።

ስምንት ሰዓት ላይ ዘነበ። ቀርከሃው ስር ተጠግተን ቆየን። ሲያባራ መሬቱ ጭስ መሰለ፣ ከየቀዳዳው ክንፋም ጉንዳን እየወጣ ነው። ሀብቱ ጫማውን አወለቀ። ውሃው ከድንጋይ ላይ ወርዶ ወደሚረጋበት፣ ከላይ በኩል ወረወረ። ጉንዳኗ ጠብ አለች፣ ወዲያው ጠፋች። ዘንጉን ከፍ አድርጎ ክሩን ብቻ ያያል፣ ክሩ ከውሃው ጋር ቀስ እያለ ይመጣል። ምንም የለም። ደግሞ ወረወረ፣ ምንም። ሦስተኛውንም ምንም። የሚያስበውን አውቄያለሁ፤ ስለ ሽሮው ነው።

አራተኛው ላይ ክሩ ቆመ። አልተጎተተም፣ አልተንቀጠቀጠም፣ ውሃው እየሄደ እሱ ቆመ። ሀብቱ ዘንጉን ብድግ አደረገ፣ ቀርከሃው ጎበጠ፣ ከድንጋዩ ስር ነጭ ነገር ተገለበጠ። ሲወጣ የክንድ ያህል ነበር፣ ቅርፊቱ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ጉንዳኗ ከከንፈሩ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፣ ምንም አልሆነችም።

ሀብቱ ጉንዳኗን ከከንፈሩ ነቀላት። ዓሣውን ሣር ላይ አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገና ዘንጉን ለእኔ ሰጠኝ።

"እኔ አልችልም" አልኩ።

"ክሩ ሲቆም ማንሳት ነው። አየኸው አይደል እንዴ?"

አንድ ጉንዳን ሥር ላይ ጥዬ አስቀረሁበት፣ ሁለተኛዋን ቀርከሃ ላይ ሰቀልኩበት። በሦስተኛዋ ክሩ ቆመ፣ አነሳሁ። ትንሽ ናት፣ ግን የእኔ ናት። እሱ ስድስት፣ እኔ አንድ፣ ሰባት ዓሣ በቀርከሃ ቅርፊት መተንፈሻቸውን ሰክተን ሳይጨልም ከተማ ገባን። በባጃጁ ውስጥ ሀብቱ ለስንቅነሽ ደወለና "ሽሮውን ተይው" ብቻ ብሎ ዘጋ።

ቅዳሜ ኦብሴ የራሷን መጥበሻ በፌስታል ጠቅልላ መጣች። ስንቅነሽ ሳትጠይቃት ነው፤ የሀብቱ ቤት መጥበሻ ሥጋ የተጠበሰበት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ስንቅነሽ ተቀበለቻትና "አንቺ ቁርጥ አድርገሽ መጣሽ፣ እኔ እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ሌሊቱን ሳስብ ነው ያደርኩት" አለቻት። ኦብሴ "እኔም ይዤ ብመጣ ትቀየመኝ ይሆን ብዬ እንደዚያው" አለች። ሁለቱ ማድ ቤት ገብተው ዘይቱ መንጫጫት ጀመረ።

ትሪው ቀረበ፣ አንድ ትሪ። ሙዳሲር ከልማድ ሌላኛው ይመጣል ብሎ ወደ በሩ አየ፤ የሚመጣ የለም። ሀብቱ አማተበ፣ ሙዳሲር ቢስሚላህ አለ፣ ሁለቱም እጃቸውን በአንድ ላይ ሰደዱ። አንድ ዓሣ ያዙ። አንዱ ከራስ በኩል፣ አንዱ ከጅራት። ሙዳሲር ቀመሰ፣ አላመጠ።

"ጉንዳኑ የት አለ?" አለ።

"ልብሱን ሊያጥብ ሄደ" አለ ሀብቱ።

ሙዳሲር ሳቀ፣ ግን እንደ በፊቱ ሳቅ አልነበረም። "አሥራ አንድ ዓመት ሳቅሁ" አለ፣ "ወላሂ ቀስ ብዬ መሳቅ ነበረብኝ።" ከዚያ ትንሿን፣ የእኔን ዓሣ፣ መርጦ ከፍሎ ለኔም ሰጠኝ።

ዕቃቸው የተጫነበት ሚኒባስ ደጅ ደርሶ ጡሩምባ ነፋ። ረዳቱ ራሱን ብቅ አድርጎ "አባባ፣ ሰው ሞልቷል፣ እንሂድ" አለ። ሙዳሲር ጣቶቹ ዘይት ናቸው፣ ከአፉ አጥንት አውጥቶ ትሪው ዳር አስቀመጠ። ሦስት ዓሣ ገና ሳይነካ ተቀምጧል።

"ዕቃውን ውሰድ፣ ልጄ ይቀበልሃል" አለው። "እኛ በሚቀጥለው መኪና እንመጣለን። ይሄ አጥንት አለው፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚበላው።"

ሀብቱ ትሪውን ወደ እሱ ገፋ አደረገለት።